እናቴ የመረቀችው ደንብ

በምኖርበት ግቢ ጥግ ላይ አንድ ቤት አለ። ሲሠራ የጋራ ማድ ቤት ነበር፤ ዛሬ የነዋሪዎች ኮሚቴ ቢሮ ነው። በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰው በቤት ይናደዳል ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔ እናደዳለሁ። ከሥራ ደክሞኝ ስገባ መጋረጃውን አያለሁ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ያለውን ሶፋና የፕላስቲክ አበባ አስባለሁ፤ የያዝኩትን የሽንኩርት ፌስታል ወርውሬ መስኮቱን ብሰብረው ደስ ይለኛል። አልሰበርኩትም። አስተዳደጌ አይፈቅድልኝም፤ እሱም ያናድደኛል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የምኖረው ፍኖተ ሰላም፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ቤታችን ጠባብ ነው፤ ወጥ ቤቱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። የሠሩት ሰዎች ግን አገሩን ያውቁት ነበር መሰለኝ። ሰዉ ፎቅ ላይ ወጣ ተብሎ መጥመቁን እንደማይተው፣ በርበሬ መደለዙን፣ ለበዓል በግ ማረዱን እንደማያቆም ገብቷቸው በግቢው ጥግ ለሁላችን አንድ ሰፊ ቤት ሠሩልን። ጭስ መውጫ አለው። ወለሉ በውኃ የሚታጠብ ነው። በደጃፉ ቧንቧ አለ። ለዚህ ነው የተሠራው፤ ለሌላ ለምንም አይደለም።

እናቴ ወደ እኔ የመጣችው በዓይኗ ምክንያት ነው። አገሯ ከቡሬ ወጣ ብላ ያለች የገጠር መንደር ናት። አባቴ ከሞተ በኋላ ብቻዋን ትኖር ነበር። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ በጠራራ ፀሐይ ቦይ ውስጥ ገባች፤ ያውም ዕድሜዋን ሙሉ ስትሻገረው የኖረችው ቦይ። ሐኪሙ የዓይኗ ግፊት ጨምሮ ነርቩን እንደጎዳው ነገረን። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን ጠብታው ያቆየዋል፤ አንድም ማታ እንዳይታለፍ አለ። እኔ ነርስ ነኝ፤ ጠብታ ማድረግ ለእኔ ሥራ አይደለም። እናቴን ይዤ መጣሁ። ማታ ማታ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ «በስመ አብ» ብላ ዓይኗን ትከፍትልኛለች፤ እኔ ጠብ አደርጋለሁ። ከዚያ በላይ የፈለግሁት ነገር አልነበረም።

መጀመሪያ ላይ ፎቁ ሊገድላት ነበር። «ሰማይ ላይ ሰቀልሽኝ» ትለኝ ነበር። ቴሌቪዥኑን ትሰማዋለች እንጂ አታየውም። ቀኑን ሙሉ ሰው ያልገባበት ቤት ውስጥ ውላ እኔ ስመጣ፣ ከበሩ ሳልገባ ጀምራ የከተማውን ወሬ ትጠይቀኛለች፤ እኔ ደግሞ ደክሞኛል፣ ወሬ የለኝም። አንድ ቀን ጎረቤታችን፣ የጨርቅ ነጋዴው ሚስት፣ በርበሬ ልታዘጋጅ ወደ ጋራ ቤቱ ስትወርድ እጇን ይዛ አወረደቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴን ፎቅ ላይ ያገኛት የለም።

አንዷ ብቅል ታሰጣለች፣ ሌላዋ አሻሮ ትቆላለች፤ እናቴ ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታዛለች፣ ትሰድባለች፣ ታስታርቃለች። ዓይኗ ቢደክምም አፍንጫዋ አልደከመም። «የትኛዋ ናት ያሳረረችው?» ስትል ከጭሱ ውስጥ ሳቅ ይሰማል። ደረጃ ላይ ሲተላለፉ ሰላምታ የማይሰጣጡ ሴቶች እዚያ ቤት ውስጥ የባላቸውን አመል ሲያወጉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ራሴ የጎረቤቶቼን ስም ያወቅሁት በእናቴ ነው።

የኅዳር ሚካኤልንም እዚያው ዘከረች። ይኸ ዝክር የመጣው በእኔ ነው። ሕፃን ሆኜ ኩፍኝ ይዞኝ ልሞት ስል፣ «ልጄን ብታተርፍልኝ በሕይወት እስካለሁ እዘክርሃለሁ» ብላ ለመልአኩ ተሳለች። ተረፍኩ። እሷም በየወሩ በትንሹ፣ በኅዳር በሰፊው ስትዘክር አንድም ጊዜ አላጓደለችም፤ አዝመራው በተበላሸበት ዘመን ንፍሮና ውኃ አቅርባ ዘክራለች። የዚያን ኅዳር ግቢው ሁሉ መጣ። ለጨርቅ ነጋዴው ሚስት፣ ሙስሊም ናትና፣ ብርዝ ለብቻዋ አዘጋጀችላት፤ መጀመሪያ የተቀዳውም የእሷ ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ መጣ፤ ጠላውን ጠጣ፣ ደገመ፣ ሠለሰ፤ ለቤተሰቡ ዳቦ አስጠቅልሎ ሄደ።

ይኸ ሰብሳቢ ድሮ ሹም የነበረ፣ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አንቱታውን ነስቼዋለሁ፣ የእኔ ጽሑፍ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። አይጮኽም፣ አይሳደብም፤ ጉቦ በላ ሲባልም አልሰማሁም። እናቴን ባየ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን ይስማል፤ «እማማ፣ የግቢያችን ጥላ» ይላታል። ችግሩ ደንብ ይወዳል። ልብስ በረንዳ ላይ አታስጡ ይላል። ምንጣፍ በመስኮት አታራግፉ ይላል። «ሣር ላይ መቆም ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተክሏል፤ ሣሩ እስካሁን አልበቀለም።

አንድ እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። እኔ ሆስፒታል ተረኛ ነበርኩ፤ እናቴ በእኔ ፈንታ ወረደች። ማታ ስመለስ ፊቷ በርቶ ጠበቀችኝ።

«ዛሬ ስብሰባውን የመረቅሁት እኔ ነኝ» አለችኝ፣ ጠብታውን ሳዘጋጅላት።

«ምን ተወሰነ?»

«ስለ ግቢው ነው እንጂ። ደንብ አነበቡ፤ ረዥም ነው። ደግ ነገር ነው መሰል፣ ሁሉም እጁን አነሣ።»

«አንቺስ?»

«ሁሉ ሲያነሣ እኔ እጄን አጥፌ ልቀመጥ? ነውር አይደል?»

የተነበበውን በማግስቱ የነገረችኝ የጨርቅ ነጋዴው ሚስት ናት፤ እሷም የዚያን ዕለት ሱቅ ስለነበረች ከባሏ ነው የሰማችው። የጋራው ቤት ለኮሚቴው ጽሕፈት ቤት አገልግሎት ይውላል። በውስጡም ሆነ በግቢው ክልል፣ በየመኖሪያ ቤቱም ጭምር፣ እሳት ማንደድ፣ መጥመቅና ለድግስ መሰብሰብ ክልክል ነው። እንዲህ ባለ የቢሮ አማርኛ የተነበበ ነገር ለእናቴ እንደ ቅዳሴ ነው፤ አክብራ ትሰማዋለች፣ አትጠይቀውም። ሌሎቹ ግን ገብቷቸዋል። አስተማሪ ነበረ፣ የባንክ ሠራተኛ ነበረ፣ ሥራዋ ውል መጻፍ የሆነች ሴት ነበረች። እዚያ ቤት ውስጥ ያልጠመቀ ወይም ያላስጠመቀ አንድ ሰው አልነበረም።

ታዲያ ለምን እጃቸውን አነሡ? ሰብሳቢው ፊታቸው ቆሞ፣ ፈገግ ብሎ፣ «የሚቃወም አለ?» ስላለ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ፈገግ ብሎ ሲጠይቅ «አዎ፣ እኔ» የሚል ከየት ይመጣል? እያንዳንዱ ሌላው ይናገራል ብሎ ሌላውን አየ፤ ሌላውም እሱን አየ። ከዚያ ሁሉም እጅ ወጣ። ይሉኝታ ይሉታል፤ እንደ ጨዋነት ይቆጥሩታል። እኔ ፈሪነት ነው የምለው። ጨዋነት ማንንም ሜዳ ላይ አይጥልም።

ድምፁ ከተቆጠረ በኋላ ሰብሳቢው «እማማ ይመርቁን» አለ። እናቴ ምርኩዟን ይዛ ተነሣች። «ያሰባችሁትን ይሙላላችሁ፤ የወሰናችሁትን ያጽናላችሁ፤ አፍራሽ አይምጣበት» አለች። ግቢው በአንድ አፍ አሜን አለ።

በሳምንቱ ቁልፍ ተንጠለጠለ። የዕረፍት ቀኔ ነበር፤ ከላይ በመስኮት አየኋት። ግድግዳውን እየዳበሰች መጣች፣ በሩን ገፋችው፣ አልተከፈተም። እንደገና ገፋችው። ከዚያ እጇ ቁልፉ ላይ አረፈ። ቁልፉን እንደ እንግዳ ነገር አገላብጣ ዳሰሰችውና በደጃፉ ቆመች፤ ሰው ይመጣል ብላ የጠበቀች ይመስለኛል። ሮጬ ወረድኩ።

ደንቡን አንድ በአንድ ሳስረዳት ትቆጣለች ብዬ ነበር። ቁጣ ታውቅበታለች፤ አባቴ ይፈራት ነበር። አልተቆጣችም።

«እኔው ነኝ የመረቅሁት» አለች።

«ሳታውቂ ነው እኮ፣ እማዬ!»

«እግዜር ግን ሰምቷል። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ። ምርቃት የገበያ ዕቃ ነው ወይ፣ አልተስማማኝም ተብሎ የሚመለስ?»

«ዝክሩስ?»

ጠላ ከሰፈር ልግዛ አልኳት፤ የተገዛ ጠላ ዝክር አይሆንም አለችኝ። ተደብቄ ቤት ውስጥ ልጥመቅ አልኳት፤ ተሰርቆ የተዘከረ ዝክር መልአኩ ምን ያደርግለታል አለችኝ። ከዚያ ወዲያ በርጩማዋ ፎቅ ላይ ወጣ፤ እሷም ከቴሌቪዥኑ ፊት ተመለሰች። ሴቶቹ መጀመሪያ ሰሞን ብቅ ይሉ ነበር፤ ሥራ ሳይኖር ተቀምጦ ማውራት ግን አልሆነላቸውም፤ ቀስ በቀስ ቀሩ። «እሳት የማላነድድበት ቤት ውስጥ እንግዳ ነኝ» አለችኝ አንድ ማታ፣ ጠብታው በጉንጯ እየወረደ። «አገሬ ውሰጅኝ።»

ወደ ሰብሳቢው ሄድኩ። እናቴ ትቀመጥበት በነበረው ቦታ ላይ ሶፋው ተቀምጧል። ጭስ መውጫውን በሲሚንቶ ደፍነውታል።

«ሲስተር፣ ቁጭ በይ» አለኝ፤ ነርስ ሁሉ እዚህ አገር ሲስተር ነው።

«አልቀመጥም» አልኩት። ያ ራሱ ለእኔ ብዙ ነው። «እናቴ በዚህ ደንብ የተነሣ ገጠር ልትገባ ነው። ገጠር ጠብታ የሚያደርግላት የለም፤ ዓይኗ ይጠፋል። ይኸን ይወቁልኝ።»

ፊቱ ላይ ያየሁት ሐዘን እውነተኛ ነበር፤ ያ ነው የሚያሳብደኝ። «እማማ እኮ ለእኔም እናቴ ናቸው» አለ። «ግን እሳት አደጋ ነው፣ ሲስተር። ዘመናዊ አኗኗር መልመድ አለብን። ደግሞም ጉባኤው በሙሉ ድምፅ የወሰነው ነው፤ ራሳቸው እማማም መርቀውታል።»

መርቀውታል! አንጀቴ እርር አለ። የአንዲት አሮጊትን ቡራኬ ወስዶ እንደ ማኅተም ደንቡ ላይ መታው። ምን ብዬ እንደወጣሁ አላስታውስም፤ በሩን በኃይል መዝጋቴን አስታውሳለሁ።

ቤት ለቤት ዞርኩ። በየበሩ ያገኘሁት መልስ አንድ ነው። «ልክ ነሽ።» «እኛም አንጀታችን አሯል።» «ባለቤቴ የእኅቷ ቤት ድረስ ሄዳ ነው የምትጠምቀው።» «አንቺ ብቻ አንሺው፤ እኛ ከኋላሽ ነን።» አንዲቷ እጄን ይዛ አለቀሰች። አመንኳቸው። ለቀጣዩ ጉባኤ ተረኝነቴን ቀይሬ ወረድኩ፤ እናቴም አብራኝ ወረደች፣ ከፊት ወንበር ሰጧት።

ተነሥቼ ተናገርኩ። ቤቱ ለምን እንደተሠራ፣ ማን እንደተጎዳ፣ ሁሉንም በግልጽ አልኩ። ቢሮ ካስፈለገ ከጥበቃው ክፍል ጎን ባዶ ክፍል እንዳለ አመለከትኩ። «ቤቱ ይመለስልን የምትሉ እጃችሁን አውጡ» አልኩ። የጨርቅ ነጋዴው ሚስት እጇን አወጣች። ባሏ በክርኑ ነካ አደረጋት፤ አላወረደችም። ከእሷ ሌላ አንድ እጅ አልወጣም። ያችን እጄን ይዛ ያለቀሰችውን ፈልጌ አየኋት፤ የነጠላዋን ጥለት ትቆጥራለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሁሉም ጫማውን ነው የሚያየው።

አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እንግዲህ… እማማ መርቀው ያጸኑትን ነገር መንካት ደግ ነው ወይ?» አሉ። ሰብሳቢው ይኸን ነበር የሚፈልገው። «እስቲ ራሳቸው ይናገሩ» አለ።

እናቴ ቀስ ብላ ተነሣች። ወደ ድምፄ ዞረች።

«ልጄ፣ ተቀመጭ» አለች። «አፍራሽ አይምጣበት ብዬ መርቄያለሁ። አፍራሹ ተእኔ ማኅፀን አይውጣ።»

ተቀመጥኩ። በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን የተናደድኩበት ቀን የለም፤ በእሷም ጭምር ተናድጄአለሁ። ለማን ነው ቃሏን የምትጠብቀው? ለነዚህ? ማታ እንደ ወትሮው «በስመ አብ» ብላ ዓይኗን ከፈተችልኝ፤ ጠብታውን አደረግሁላት።

መንገዱ ክፍት በነበረ ቀን በሚኒባስ ወሰድኳት። በዚህ ዘመን እንደ ልብ የሚሄድ መንገድ የለም፤ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል፣ ስልኩም እንደዚያው። ጠብታ አደራረጉን ለአንዲት ዘመዳችን አሳየኋት። ብልቃጡን እንዲቀዘቅዝ ከእንስራው ሥር እንድታስቀምጥ ነገርኳት። ዘመዳችን የራሷ ቤት፣ የራሷ ከብት፣ የራሷ አዝመራ ያላት ሰው ናት፤ ማታ ማታ ትመጣለች ብዬ ራሴን አላታለልኩም። ብልቃጡ ሲያልቅ መንገዱ ተዘግቶ ከረመ። ማታ ማታ በዚያች በጠብታዋ ሰዓት ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ እሳደባለሁ። ለብቻዬ፣ ጮክ ብዬ፣ ግድግዳው ቀጭን እንደሆነ እያወቅሁ።

ለኅዳር ሚካኤል መንገዱ ተከፈተና ሄድኩ። ከደጅ ስገባ ፊት ለፊቷ ቆሜ ነበር፤ አላየችኝም። «እማዬ» ስል ነው የሳቀችው። ጭሱ ከቤቱ ክዳን ሥር እየወጣ ነው፤ ጠላው ተጠንስሶ ደርሷል፤ ዳቦው በኮባ ተጠቅልሏል። ሁሉንም በእጇ ዳስሳ ነው ያሰናዳችው። ስትቀዳ ጣቷን ከዋንጫው አፍ ላይ ታሳርፋለች፤ ጠላው ጣቷን ሲነካው ታቆማለች።

ቄሱ ጸሎት አድርሰው ሰዉ መብላት እንደጀመረ ከውጭ የመኪና ድምፅ ተሰማ። ጎረቤቶቼ ናቸው፤ ሚኒባስ ተኮናትረው መጡ። የጨርቅ ነጋዴው ሚስት ስኳርና ሻማ ይዛ እናቴን አቅፋ አለቀሰች፤ እሷ ትምጣ፣ ቤቷ ነው። ከኋላዋ ግን ያ ሁሉ ጫማውን ያየ ሰው ተከታትሎ ገባ። ከሁሉ በፊት ከመኪናው የወረደው ሰብሳቢው ነበር፤ ጃንጥላውን አጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ የእናቴን ትከሻ ሳመ። መደብ ላይ፣ ከቄሱ ጎን አስቀመጡት። ጠጣ። ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ነቀነቀ።

«እንዲህ ያለ ጠላ ከቀመስኩ ስንት ጊዜዬ ነው!» አለ። ሌሎቹ ሳቁ። «እማማ፣ ምነው ጥለውን ሄዱ? ያለ እርስዎ ግቢው እኮ ባዶ ነው።»

እናቴ በድምፁ በኩል ዞረች። «አገሬ ናፍቆኝ ነው እንጂ» አለች፤ «እናንተስ ምን አጓደላችሁብኝ።»

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ፊቱ ደርሼ ዋንጫውን ከእጁ ላይ ወሰድኩበት። በዝክር ቀን፣ በእናቴ ቤት፣ ከእንግዳ እጅ። ቤቱ ጸጥ አለ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የሰበሰብኩት ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር።

«ምንድን ነው?» አለች እናቴ። ጸጥታውን ሰምታዋለች። «ማን ጎደለበት?»

ጎረቤቶቼ ያው ወደ መሬት አቀርቅረዋል። እናቴ ማንቆርቆሪያዋን አንሥታ፣ እንግዳው በዚያ በኩል ያለ መስሏት፣ ወደ ምሰሶው ዘረጋችው። ፊቷ ላይ የባለዝክር ደስታ ነበር፤ ደግሞም ቅር የተሰኘ ሰው እንዳይኖር ስጋት። ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ እሷን አልፎ ወደ እሱ የሚሄድበት መንገድ አጣ።

«የሰብሳቢው ነው፣ እማዬ» አልኩ። «ልቀዳላቸው ብዬ ነው የተቀበልኳቸው።»

«ቅጅላቸው» አለች፤ «እስቲፈስ።»

ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ተቀበልኩ። ዋንጫውን ሞላሁት፤ በሁለት እጄ ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ ሰጠሁት። ሰብሳቢው «ተባረኪ» አለኝና ጠጣ።